በቅርጫት ኳስ የጨዋታ ሰዓትና የኳስ ይዞታ ደንቦች እንዴት ይተረጎማሉ? በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ዞን ለሚገኙ ዳኞች፣ ቡድኖችና ተመልካቾች የቀረበ ማብራሪያ

የቅርጫት ኳስ ውድድር ውጤት ብዙ ጊዜ የሚለየው በአንድ ነጥብና በጥቂት ሴኮንዶች ነው። በዳኞችና በቡድኖች መካከል ከሚነሡ አለመግባባቶችም ብዙዎቹ የሚመነጩት ከሁለት ጉዳዮች ነው፤ አንደኛው ሰዓቱ መቼ መጀመርና መቆም እንዳለበት፣ ሁለተኛው ኳሱ ለየትኛው ቡድን እንደሚገባ ነው።

ይህ ማብራሪያ በጎንደር ከተማ እንዲሁም በደባርቅ፣ በዳባትና በአካባቢው ወረዳዎች የትምህርት ቤት፣ የቀበሌና የክለብ ውድድሮችን ለሚመሩ ዳኞች፣ ለአሠልጣኞች፣ ለተጫዋቾችና ለተመልካቾች የተዘጋጀ ነው። መሠረቱ የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ደንብ ነው። ይሁንና የውድድሩ አዘጋጅ በራሱ የውድድር ደንብ ለይቶ የወሰነው ጉዳይ ካለ በቅድሚያ ያንን መመልከት ይገባል።

1. ከውሳኔ በፊት መመለስ ያለባቸው ሦስት ጥያቄዎች

አስቸጋሪ የሚመስሉ ሁኔታዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚከተሉትን ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል በመመለስ ይፈታሉ።

ሀ) ጨዋታው በቆመበት ቅጽበት ኳሱን በቁጥጥሩ ሥር ያደረገው ቡድን የትኛው ነበር? ወይስ ኳሱ በማንም ቁጥጥር ሥር አልነበረም?

ለ) ጨዋታውን ያስቆመው ምክንያት ምንድን ነው? ምክንያቱስ ከየትኛው ቡድን መነጨ?

ሐ) በዚያ ቅጽበት የጨዋታው ሰዓትና የ24 ሴኮንዱ ሰዓት ስንት ያሳዩ ነበር?

ዳኛው ፊሽካ በነፋ ቁጥር እነዚህን ሦስት ነገሮች በአእምሮው የመያዝ ልማድ ካዳበረ ውሳኔውን በአጭር ቃል ማስረዳት ይችላል። ቡድኖችም ቅሬታ ሲኖራቸው ጥያቄያቸውን ከሦስቱ በአንዱ ላይ ቢያተኩሩ መልስ የማግኘት ዕድላቸው ሰፊ ነው።

2. “ሰዓት” የሚለው ቃል የሚያመለክታቸው የተለያዩ ነገሮች

በአንድ ውድድር ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሰዓት ስላለ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የውድድሩ መነሻ ሰዓት ነው። በሀገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት የምንለው በዓለም አቀፍ አጻጻፍ 14፡00 ወይም ከሰዓት በኋላ 2፡00 ተብሎ ይመዘገባል። በጥሪ ደብዳቤ ላይ አቆጣጠሩ ሳይገለጽ “2፡00” ብቻ ከተጻፈ አንዱ ቡድን ማለዳ፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ሊገኝ ይችላል። ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በደንቡ መሠረት ከተያዘው መነሻ ሰዓት በኋላ 15 ደቂቃ እስኪሞላ ድረስ ያልተገኘ ወይም ለጨዋታ ዝግጁ የሆኑ 5 ተጫዋቾችን ማሰለፍ ያልቻለ ቡድን በፎርፌ 20 ለ 0 ይሸነፋል። ስለሆነም አዘጋጆች “ከቀኑ 8 ሰዓት” ብለው በግልጽ እንዲጽፉ ይመከራል። ከተራራማ ወረዳዎች ረጅም መንገድ ተጉዘው ለሚመጡ ቡድኖች ይህ አንድ ቃል የሙሉ ቀን ድካም ከንቱ እንዳይሆን ያደርጋል።

ሁለተኛው የጨዋታው ሰዓት ነው። ጨዋታው እያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ የሚፈጁ አራት ሩቦች (ኳርተሮች) አሉት፤ በእኩል ነጥብ ከተጠናቀቀ 5 ደቂቃ ይጨመራል፤ አሸናፊው እስኪለይም እንዲሁ ይቀጥላል።

ሦስተኛው አጥቂው ቡድን ወደ ቅርጫት መወርወር ያለበትን ጊዜ የሚለካው የ24 ሴኮንድ ሰዓት ነው።

3. የጨዋታው ሰዓት መቼ ይጀምራል? መቼስ ይቆማል?

ኳስ ከመስመር ውጭ ወደ ሜዳ ሲገባ (ከዚህ በኋላ “የመስመር ውርወራ” እንለዋለን) ሰዓቱ የሚጀምረው ኳሱ ከወርዋሪው እጅ ሲወጣ አይደለም፤ በሜዳው ውስጥ ያለ ተጫዋች ኳሱን ሲነካ ነው። ኳሱ ማንም ሳይነካው መሬት ለመሬት ቢንከባለል ሰዓቱ አይንቀሳቀስም። በዚህም ምክንያት እየመራ ያለ ቡድን ኳሱን በማንከባለል ሰዓት ሊያባክን አይችልም፤ እየተመራ ያለ ቡድን ግን በዚህ መንገድ ሰዓት ሳይባክንበት ኳሱን ወደፊት ሊያስጠጋ ይችላል። የመጨረሻው የቅጣት ውርወራ ሲሳትና ጨዋታው ሲቀጥልም ሰዓቱ የሚጀምረው ኳሱን አንድ ተጫዋች ሲነካው ነው።

ነጥብ ከተቆጠረ በኋላ ሰዓቱ መቆም አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ በተመልካች ዘንድ በተደጋጋሚ ይነሣል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሩቦች እንዲሁም በአራተኛው ሩብ የመጀመሪያ 8 ደቂቃዎች ነጥብ ቢቆጠርም ሰዓቱ ይቀጥላል። በአራተኛው ሩብና በየጭማሪው ጊዜ ሰዓቱ 2፡00 ወይም ከዚያ በታች ሲያሳይ ግን ከሜዳ በተቆጠረ ነጥብ ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ በሦስተኛው ሩብ ማብቂያ ላይ “ሰዓቱ አልቆመም” የሚል ቅሬታ የደንብ ድጋፍ የለውም፤ ያው ቅሬታ በአራተኛው ሩብ ማብቂያ ላይ ከቀረበ ግን ተገቢ ነው።

4. ጊዜው ሲያበቃ በአየር ላይ ያለ ኳስ

ለውሳኔው መሠረት የሚሆነው ኳሱ ከወርዋሪው እጅ የወጣበት ቅጽበት ነው። የጊዜው ማብቂያ ድምፅ ከመሰማቱ በፊት ኳሱ ከእጅ ከወጣና ወደ ቅርጫቱ ከገባ ነጥቡ ይቆጠራል፤ ድምፁ ሲሰማ ኳሱ በእጅ ላይ ከነበረ አይቆጠርም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ይበልጥ አስቸጋሪ ሁኔታ አለ። የቡድን ሀ ተጫዋች ለመወርወር በእንቅስቃሴ ላይ ሳለ፣ ድምፁ ሊሰማ ሲል ኳሱ ገና በእጁ እንዳለ ጥፋት ተሠራበት እንበል። ከዚያም ድምፁ ከተሰማ በኋላ ኳሱን ለቀቀና ገባ። በዚህ ጊዜ ነጥቡ አይቆጠርም፤ ነገር ግን ጥፋቱ የተሠራው ጊዜው ከማለቁ በፊት ስለሆነ እንደ ሙከራው ዓይነት 2 ወይም 3 የቅጣት ውርወራ ይሰጠዋል። ግማሹ ተመልካች “ጎል ነው”፣ ግማሹ “ጊዜው አልቋል” ብሎ ሲጮህ ትክክለኛው ውሳኔ ከሁለቱም የተለየ ነው።

ሌላው መታወስ ያለበት ከአንድ ሴኮንድ በታች የሆነው ጊዜ ነው። ከመስመር ውርወራ ወይም ካልተሳካ የመጨረሻ የቅጣት ውርወራ በኋላ ተጫዋቹ ኳሱን ይዞ ለመወርወር ሰዓቱ 0.3 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት። 0.2 ወይም 0.1 ብቻ ከቀረ ነጥብ የሚቆጠረው ኳሱን ሳይዙ በመንካት ወይም በቀጥታ ወደ ቅርጫቱ በመክተት ብቻ ነው።

5. የ24 ሴኮንድ ሰዓት፦ መቼ ይቀጥላል? መቼ ወደ 14፣ መቼስ ወደ 24 ይመለሳል?

ይህ ደንብ የመጣው ከልምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሚኒያፖሊስ ሌከርስን ያሸነፈው 19 ለ 18 በሆነ ውጤት ነበር፤ ኳስ ይዞ ጊዜ ማሳለፍን የሚከለክል ደንብ አልነበረምና። በ1954 በሀገሪቱ የፕሮፌሽናል ሊግ የ24 ሴኮንድ ገደብ ሥራ ላይ ዋለ። ፊባ በ1956 የ30 ሴኮንድ፣ በ2000 ደግሞ የ24 ሴኮንድ ገደብ ተቀበለ።

በገደቡ ውስጥ ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው፤ ኳሱ ድምፁ ከመሰማቱ በፊት ከእጅ መውጣት አለበት፤ ከዚያም ቀለበቱን መንካት ወይም መግባት አለበት። ኳሱ በአየር ላይ ሳለ ድምፁ ቢሰማና ቀለበቱን ቢነካ ጨዋታው ይቀጥላል። ቀለበቱን ካልነካ የደንብ ጥሰት ነው። ሆኖም ተከላካዩ ቡድን ወዲያውኑና በግልጽ ኳሱን ከያዘ ድምፁ ችላ ተብሎ ጨዋታው ይቀጥላል። ኳሱ ሰሌዳውን ብቻ መንካቱ በቂ አይደለም።

ሰዓቱን እንደገና ስለማስጀመር የሚከተለውን መያዝ ይጠቅማል።

• የቀረው ሴኮንድ የሚቀጥለው፦ ኳሱን በተከላካይ ተነክቶ ከመስመር ሲወጣ፣ የአጥቂው ቡድን ተጫዋች ተጎድቶ ጨዋታው ሲቆም፣ በሁለቱም ቡድኖች ላይ በአንድ ጊዜ ጥፋት ሲነፋ እንዲሁም ኳሱ በሁለት ተጋጣሚዎች እጅ ተይዞ ተራው የአጥቂው ቡድን ሲሆን ነው።

• 24 ሴኮንድ የሚሰጠው፦ ተከላካዩ ጥፋት ወይም የደንብ ጥሰት ፈጽሞ የመስመር ውርወራው ከአጥቂው ቡድን የራስ ሜዳ ሲሆን፣ እንዲሁም ኳሱን አዲስ ያገኘው ቡድን ከራሱ ሜዳ ሲጀምር ነው።

• በተጋጣሚ ሜዳ ሲሆን፦ የመስመር ውርወራው በተከላካዩ ጥፋት ወይም በእግር ኳሱን በመምታቱ ምክንያት ከተሰጠና ሰዓቱ 14 ወይም ከዚያ በላይ ከነበረ ባለበት ይቀጥላል፤ 13 ወይም ከዚያ በታች ከነበረ ወደ 14 ይመለሳል።

• 14 ሴኮንድ የሚሰጠው፦ ኳሱ ቀለበቱን ነክቶ ያው አጥቂ ቡድን መልሶ ሲያገኘው ነው።

ምሳሌ፦ ቡድን ሀ በተጋጣሚው ሜዳ እያጠቃ ሳለ ሰዓቱ 9 ሲያሳይ የቡድን ለ ተከላካይ ኳሱን በእጁ ነክቶ ከመስመር አስወጣው። ሰዓቱ በ9 ይቀጥላል። ያው ተከላካይ ኳሱን ሆን ብሎ በእግሩ ቢመታው ግን ሰዓቱ 14 ይሆናል። ለዓይን የሚመሳሰሉት ሁለቱ ድርጊቶች በውጤት የሚለያዩት የመጀመሪያው የተፈቀደ መከላከል፣ ሁለተኛው የደንብ ጥሰት ስለሆነ ነው።

6. የኳስ ይዞታ መቼ ይጀምራል? መቼ ያበቃል?

አንድ ቡድን ኳሱን ተቆጣጥሯል የሚባለው ተጫዋቹ ኳሱን ሲይዝ፣ ሲያነጥር ወይም ለመስመር ውርወራ ሲቀበል ነው። ይህ ይዞታ ኳሱ ከአንዱ ተጫዋች ወደ ሌላው በሚቀባበልበት ጊዜም አይቋረጥም። የሚያበቃው ተጋጣሚው ሲቆጣጠረው፣ ጨዋታው ሲቆም ወይም ኳሱ ወደ ቅርጫት ተወርውሮ ከእጅ ሲወጣ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ክርክሮችን ይፈታል። ኳሱ ወደ ቅርጫት ተወርውሮ በአየር ላይ ሳለ ወይም ተጫዋቾች የተመለሰውን ኳስ ሲሻሙ ኳሱ በማንም ይዞታ ሥር አይደለም። ስለዚህ አጥቂው በቅርጫቱ ሥር ባለው የ3 ሴኮንድ ክልል ውስጥ ቆሞ ኳሱን ደጋግሞ ቢሻማ የ3 ሴኮንድ ጥሰት አይነፋበትም።

ኳሱን በ8 ሴኮንድ ውስጥ ከራስ ሜዳ ወደ ተጋጣሚ ሜዳ ማሻገርን በሚመለከት፣ ኳሱን እያነጠረ የሚሄድ ተጫዋች ተሻግሯል የሚባለው ሁለቱ እግሮቹና ኳሱ ሦስቱም የተጋጣሚውን ሜዳ ሲነኩ ነው። አንድ እግሩን በመሀል መስመሩ ላይ አድርጎ ቢቆም ገና አልተሻገረም፤ ቆጠራውም ይቀጥላል። ኳሱ በተከላካይ ተነክቶ ከመስመር ወጥቶ በራስ ሜዳ ለዚያው ቡድን ከተሰጠ 8 ሴኮንዱ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀመርም።

ከተሻገሩ በኋላ ኳሱን ወደ ራስ ሜዳ መመለስ ጥሰት የሚሆነው በተጋጣሚ ሜዳ ኳሱን መጨረሻ የነካው የዚያው ቡድን ተጫዋች ሆኖ፣ በራስ ሜዳም መጀመሪያ የነካው የዚያው ቡድን ተጫዋች ሲሆን ነው። በመካከል ተከላካዩ ኳሱን ነክቶ ወደ ኋላ ከላከው ጥሰት የለም።

7. የተራ ቀስት

ጨዋታው በዝላይ ኳስ የሚጀመረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ኳሱ በሁለት ተጋጣሚዎች እጅ ሲያዝ፣ በቀለበቱና በሰሌዳው መካከል ሲቀረቀር፣ ወይም ከመስመር ያወጣው ማን እንደሆነ ዳኞች መለየት ሲያቅታቸው ኳሱ በተራ ይሰጣል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ሩብ እንዲሁም ጭማሪው ጊዜ የሚጀመሩትም በዚሁ ተራ ነው። የመጀመሪያው ተራ የሚሰጠው በመክፈቻው ዝላይ ኳሱን ላላገኘው ቡድን ነው።

በዚህ ረገድ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ቀስቱ የሚዞረው ኳሱ ለወርዋሪው ሲሰጥ ሳይሆን ውርወራው ተጠናቆ በሜዳ ያለ ተጫዋች ኳሱን ሲነካ ነው። ሁለተኛ፣ ወርዋሪው 5 ሴኮንድ ካሳለፈ ወይም ሌላ ጥሰት ከፈጸመ ቡድኑ ኳሱንም ተራውንም ያጣል፤ ውርወራው ሳይጠናቀቅ ከሁለቱ ቡድኖች አንዱ ጥፋት ቢሠራ ግን ተራው እንደተጠበቀ ይቆያል። ሦስተኛ፣ በዕረፍት ሰዓት ቡድኖች የሚያጠቁትን ቅርጫት ስለሚቀያየሩ የቀስቱ አቅጣጫ መዞር አለበት፤ የሚዞረው ምልክቱ እንጂ ባለተራው ቡድን አይደለም። ይህ ከተዘነጋ ሦስተኛው ሩብ በተሳሳተ ቡድን ሊጀመር ይችላል።

8. የኤሌክትሪክ ሰሌዳ በሌለበት ሜዳ

መብራት በሚቋረጥበት ወይም የኤሌክትሪክ ሰሌዳ በሌለበት ሜዳ ጨዋታውን በእጅ በሚያዝ ሰዓት መምራት ይቻላል። በዚህ ጊዜ የሚከተሉትን መፈጸም ይመከራል፦

• ለጨዋታው ሰዓትና ለ24 ሴኮንዱ ሁለት የተለያዩ ሰዎችና ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች መመደብ፤ ድምፃቸውም እንዳይምታታ ለአንዱ ፊሽካ፣ ለሌላው ደወል መጠቀም፤
• ሰዓቱ በቆመ ቁጥር የቀረውን ደቂቃና ሴኮንድ በወረቀት መመዝገብ፤
• በየሩቡ የመጨረሻ ደቂቃ ላይ የቀረውን ጊዜ ጮክ ብሎ ለሁለቱም ቡድኖች ማሳወቅ፤
• የተራ ቀስቱን ከካርቶን ሠርቶ ሁሉም በሚያየው ቦታ ማስቀመጥ፤
• ሁለቱ አምበሎች ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ይህን አሠራር እንዲያውቁት ማድረግ።

ሰዓት ያዡ ሰዓቱን ማስጀመር ቢዘነጋ ዳኛው የራሱን ቆጠራ መሠረት ማድረግ ይችላል። ለምሳሌ 6 ሴኮንድ ሲቀር ኳሱ ገብቶ ሰዓቱ ሳይንቀሳቀስ ቢቀርና ዳኛው የ8 ሴኮንዱን ቆጠራ ሲያካሂድ 4 ላይ ደርሶ ጨዋታውን ካስቆመ የቀረው ጊዜ 2 ሴኮንድ ይሆናል። በእጅ የሚደረገው የዳኛው ቆጠራ ዋጋ የሚታወቀው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ሰዓቱን የሚይዘው የጠረጴዛው ባለሙያ ቢሆንም በክርክር ጊዜ ረዳቶቹንና የጠረጴዛ ባለሙያዎችን አማክሮ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ዋና ዳኛው ነው።

የጠረጴዛ ሥራ ምን ያህል ከባድ ውጤት እንዳለው የ1972 (እ.ኤ.አ.) የሙኒክ ኦሊምፒክ የፍጻሜ ጨዋታ ያስታውሰናል። አሜሪካ ሶቪየት ኅብረትን 50 ለ 49 እየመራች 3 ሴኮንድ ቀርቶ ነበር። በጠረጴዛው አካባቢ በዕረፍት ጥያቄና በሰዓቱ አስተካከል ላይ በተፈጠረ ግርግር የመጨረሻዎቹ 3 ሴኮንዶች በድጋሚ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ በሦስተኛው ሙከራ አሌክሳንደር ቤሎቭ አስቆጥሮ ሶቪየት ኅብረት 51 ለ 50 አሸነፈች። የአሜሪካ ይግባኝ 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ ውድቅ ተደረገ፤ ተጫዋቾቹም የብር ሜዳሊያቸውን አልተቀበሉም። በዓለም ትልቁ መድረክ የተፈጠረው ችግር መነሻው በጠረጴዛውና በዳኞች መካከል መግባባት መጓደሉ ነበር።

9. ስህተት ተፈጽሟል ብሎ የሚያምን ቡድን ምን ማድረግ አለበት?

በነጥብ፣ በጥፋት ቁጥር ወይም በሰዓት አያያዝ ረገድ የተፈጸመ የምዝገባ ስህተት ዋና ዳኛው የውጤት መዝገቡን እስኪፈርም ድረስ ሊታረም ይችላል። ከፊርማው በኋላ ዳኛው ውጤቱን የመለወጥ ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ጊዜ ወሳኝ ነው፦

ሀ) ስህተቱን እንዳስተዋሉ፣ ጨዋታው በሚቆምበት የመጀመሪያ አጋጣሚ በአክብሮት ለዳኛው ማሳወቅ፤

ለ) ካልታረመ፣ ጨዋታው ባለቀ በ15 ደቂቃ ውስጥ አምበሉ ለዋና ዳኛው ቅሬታ ማቅረባቸውን አስታውቆ በውጤት መዝገቡ ላይ ለቅሬታ በተዘጋጀው ቦታ መፈረም፤

ሐ) ጨዋታው ባለቀ በ1 ሰዓት ውስጥ የቅሬታውን ምክንያት በጽሑፍ ማቅረብ።

ቅሬታ የሚቀርበው ባልታረመ የነጥብ ወይም የሰዓት አያያዝ ስህተት፣ ጨዋታን በመሰረዝ፣ በማቋረጥ ወይም በፎርፌ ውሳኔ እንዲሁም በተጫዋቾች ተገቢነት ላይ ነው። “ጥፋት ነበር፣ ዳኛው አልነፋም” የሚል አቤቱታ የዳኛውን የሜዳ ላይ ዕይታ የሚመለከት በመሆኑ ውጤት አያስለውጥም። በአካባቢ ውድድሮች የጊዜ ገደቡና የማስያዣ ክፍያው በአዘጋጁ ደንብ ሊለይ ስለሚችል ቡድኖች ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የደንቡን ቅጂ እንዲጠይቁ ይመከራል። ደንቡን በሚመለከት ማብራሪያ የሚፈልጉ ነዋሪዎች በቅድሚያ የውድድሩን አዘጋጅ፣ ቀጥሎም በጎንደር ከተማ ወይም በሰሜን ጎንደር ዞን የሚገኘውን የወጣቶችና ስፖርት መምሪያ መጠየቅ ይችላሉ።

በአካባቢያችን ውድድሮችን የሚመሩ ዳኞች ብዙዎቹ ከመደበኛ ሥራቸው በተጓዳኝ የሚያገለግሉ ናቸው። ትክክለኛ ውሳኔ በጩኸት ተሽሮ ወጣት ዳኞች ፊሽካቸውን አስቀምጠው ከሄዱ ውድድር የሚያጡት ልጆቻችን ናቸው። የተሳሳተ ውሳኔም በወቅቱና በሥርዓቱ ካልታረመ የልፋታቸውን ዋጋ የሚያጡት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ደንቡን ማወቅ ለሁለቱም መፍትሔ ነው።